የፍራፍሬ ዝንብን በማባበያ ርጭት እንዴት እንከላከል?

ከውጭ ሲያዩት ያማረ ማንጎ ሲቆረጥ ውስጡ ውሃ ሆኖ፣ ነጫጭ ትሎችም ሲርመሰመሱበት ማየት ለአርባ ምንጭም ሆነ ለአሶሳ አምራች እንግዳ ነገር አይደለም። ነጋዴው ሣጥኑን እንዳለ ይመልሳል፤ ካልሆነም ዋጋውን ሰብሮ ይወስዳል። ብዙ አምራች ይህን ሲያይ መድኃኒት ገዝቶ ዛፉን ከጫፍ እስከ ግንድ ያጥበዋል። እንዲህ ያለው ርጭት ገንዘብ ይበላል፣ ንብ ይፈጃል፣ ፍሬው ላይ መርዝ ያስቀራል። ትሉን ግን አያገኘውም፤ ትሉ ያለው ፍሬው ውስጥ ነውና።

የማባበያ ርጭት አካሄዱ ሌላ ነው። ዛፉን መድኃኒት አናለብሰውም። ዝንቧ አጥብቃ የምትፈልገውን ምግብ ከጥቂት መርዝ ጋር ቀላቅለን በአንዲት የቅጠል ሥፍራ ላይ እናኖርላታለን፤ መጥታ ልሳ ትሞታለች። ዘዴው የቆየ ነው። በሃዋይ ደሴቶች እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ መጀመሪያ ከፕሮቲን ጋር ተቀላቅሎ ከተሞከረ ወዲህ በብዙ አገሮች የፍራፍሬ ዝንብ መከላከያ ዋና መሣሪያ ሆኗል። ውጤት የሚሰጠው ግን በትክክለኛው ጊዜ ሲጀመር፣ ሳይቋረጥ ሲቀጥልና ከማሳ ጽዳት ጋር ሲሄድ ነው። መድኃኒቱን በማጠንከር የሚገኝ ትርፍ የለም።

መጀመሪያ ዝንቧን ይወቋት

ጠላና ጠጅ ባለበት፣ የበሰለ ሙዝ በተቀመጠበት ሁሉ የምታንዣብበዋን ደቃቅ ዝንብ ከዚህች ጋር አያምታቷት። ያቺ የምትመጣው ፍሬው ከበሰለና ከፈነዳ በኋላ ነው። ማንጎ የምታጠፋዋ ዝንብ መጠኗ ከቤት ዝንብ ጋር ተቀራራቢ ነው፤ ቀለሟ ወደ ቡናማና ቢጫ ያደላል። ሴቷ ከሆዷ ጫፍ በተሠራላት ሹል ነገር ገና በዛፉ ላይ ያለውን ደህና ፍሬ ወግታ ከልጣጩ ሥር እንቁላል ትጥላለች።

በአገራችን ከጥንት የሚታወቁት የሴራቲቲስ ወገን የሆኑት ናቸው። ከነዚህም የሜዲትራኒያን የፍራፍሬ ዝንብ የምትባለው ኮክ፣ ብርቱካን፣ ዘይቱን፣ የቡና እሸት ሳይቀር ትወጋለች። ከእስያ የመጣችው ባክትሮሴራ ዶርሳሊስ ግን ከሁሉም ትከፋለች። እ.ኤ.አ. በ2003 ኬንያ ውስጥ ተገኘች፤ ብዙም ሳትቆይ ኢትዮጵያን ጨምሮ አብዛኛውን የአፍሪካ ክፍል አዳረሰች። በገባችበት ሁሉ ነባሮቹን ዝንቦች ከማንጎው እየገፋች ቦታቸውን ይዛለች።

ማሳዎ ውስጥ መኖሯን ለማወቅ ፍሬውን ቀረብ ብለው ይመልከቱ። የመርፌ ጫፍ የምታህል ነጥብ አለች፤ ዙሪያዋ ጠቆር ይላል፤ ማንጎ ከሆነ ከነጥቧ ሙጫ የመሰለ ፈሳሽ ወርዶ ይደርቃል። ነጥቧን በስለት ስስ አድርገው ሲገልጧት ነጫጭና ረዘም ያሉ ደቃቅ እንቁላሎች ተደርድረው ይታያሉ። በሙቀት ወቅት በአንድ ወይም በሁለት ቀን ይፈለፈሉና እጮቹ ወደ መሃል እየበሉ ይገባሉ። አንድ ሳምንት ወይም ትንሽ ከዚያ በላይ ቆይተው ከፍሬው ይወጣሉ፤ አፈሩን ጥቂት ሴንቲ ሜትር ቆፍረው ይገቡና የስንዴ ቅንጣት የመሰለ ቡናማ ሙሽሬ ይሆናሉ። ከዚያም እንደ ሙቀቱ ሁኔታ በአሥርና በአሥራ አምስት ቀን ገደማ አዲስ ዝንብ ከአፈሩ ብቅ ትላለች።

የመከላከሉ ቁልፍ ያለው እዚህ ላይ ነው። አዲሷ ሴት ዝንብ ከአፈር እንደወጣች ወዲያው እንቁላል መጣል አትችልም። እንቁላሏ እንዲጎለብት ፕሮቲን መብላት አለባት፤ ለዚህም አንድ ሳምንት፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ያስፈልጋታል። በነዚህ ቀናት በየቅጠሉ እየዞረች የአእዋፍ ኩስ፣ የነፍሳት ጣፋጭ ፈሳሽ፣ ቅጠል ላይ ያለ ሻጋታና ባክቴሪያ ስትልስ ትውላለች። አፏ የሚልስ እንጂ የሚነክስ አይደለም። ፕሮቲን የሚሸት ጠብታ ካገኘች አታልፈውም። እኛ የምንቀድማት በነዚህ የረሃብ ቀናት ነው። ጠግባ፣ ተገናኝታ፣ እንቁላሏን ይዛ ከጎረቤት ማሳ የምትመጣ ዝንብ ግን ለማባበያው ብዙም ግድ የላትም፤ በቀጥታ ወደ ፍሬው ትሄዳለች። ብቻውን የሚረጭ ሰው ብዙ ጊዜ “መድኃኒቱ አልሠራም” የሚለው ለዚህ ነው።

ማባበያው ምንድን ነው? ምን ይገዛል?

ማባበያው ሁለት ነገር ይዟል፤ የምግቡ ክፍልና መርዙ። የምግቡ ክፍል አብዛኛውን ጊዜ ከእርሾ ወይም ከእህል ተብላልቶ የተዘጋጀ ፕሮቲን ነው፤ ስኳርም ሊጨመርበት ይችላል። መርዙ ድሮ በአብዛኛው ማላታይን ነበር፤ አሁንም በብዙ ቦታ ይሠራበታል። ከቅርብ አሥርተ ዓመታት ወዲህ ደግሞ ስፒኖሳድ የሚባለው፣ አፈር ውስጥ ከሚኖር ባክቴሪያ የሚገኘው መድኃኒት ተመራጭ ሆኗል። ጂኤፍ-120 በሚል ስም የሚታወቀው ምርት ማባበያውንና ስፒኖሳዱን አብሮ የያዘ ነው። በውስጡ ያለው ስፒኖሳድ 0.02 በመቶ ብቻ ነው። ይህን ያህል አንሶ መግደሉ ዝንቧ ራሷ መጥታ ስለምትውጠው ነው።

ምርጫ ካለዎት የተዘጋጀውን የስፒኖሳድ ማባበያ እንዲገዙ እመክራለሁ። ማላታይን ለንብና ለሚጠቅሙ ነፍሳት አደገኛ ነው፤ ሲቀላቅሉትም ለራስዎ ጤና ይበልጥ ያሰጋል። ስፒኖሳድም ቢሆን ገና እርጥብ ሳለ ንብ ከነካችው ይገድላል፤ የተዘጋጀው ማባበያ ግን ንብን እምብዛም አይስብም፣ ከደረቀም በኋላ ጉዳቱ ይቀንሳል።

ምንም ይግዙ ምን፣ በአገራችን የተመዘገበ መሆኑን ያረጋግጡ። የፀረ-ተባይ ምዝገባና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 674/2002 ያልተመዘገበ ፀረ-ተባይ ገበያ ላይ እንዳይውል ይከለክላል። መያዣው ላይ ጽሑፍ የሌለው፣ ከሌላ ዕቃ ወደ ሃይላንድ ጠርሙስ የተገለበጠ መድኃኒት በገበያ ቀን በርካሽ ቢያገኙ እንኳ አይንኩት። ጥርጣሬ ካለዎት የቀበሌዎን የግብርና ባለሙያ ይጠይቁ።

ከቢራ ፋብሪካ የሚተርፈው እርሾ ጥሩ የፕሮቲን ምንጭ ነው፤ ሞሪሸስን የመሳሰሉ አገሮች ማባበያቸውን ከዚሁ ሲያዘጋጁ ኖረዋል። በኢትዮጵያ የቢራ ፋብሪካ አላነሰንም፤ አምራቾች በማኅበር ተደራጅተው ከግብርና ምርምር ተቋማት ጋር ቢሠሩበት ከውጭ የሚገዛውን ማባበያ ወጪ በእጅጉ ሊቀንስ ይችላል። በቤት ውስጥ በግምት ከመርዝ ጋር መቀላቀል ግን አይገባም። የእርሾው አልኮል መወገድ፣ ፕሮቲኑም በትክክል መብላላት አለበት።

ርጭቱ መቼ ይጀመራል?

ፍሬው ሲበስል ሳይሆን አስቀድሞ ነው። ለማንጎ ከመልቀሚያው ከስድስት እስከ ስምንት ሳምንት ቀደም ብሎ መጀመር ጥሩ ነው። ያኔ ፍሬው ገና ጠንካራ ነው፤ የዝንቡም ቁጥር ገና አልናረም። ትል ያለበት ፍሬ ሲወድቅ አይቶ የሚጀምር ሰው አንድ ትውልድ አምልጦታል፤ ቀጣዩም ከዛፉ ሥር አፈር ውስጥ ተቀብሮ ተራውን እየጠበቀ ነው።

ጊዜውን በትክክል የሚነግርዎ ወጥመድ ነው። ባዶ የሃይላንድ ጠርሙስ ከወገቡ በላይ ሁለት ሦስት ቦታ፣ ዝንብ እንድታልፍ አድርገው ይብሱት። በውስጡ በሜቲል ዩጂኖል የራሰ ጥጥ በሽቦ ያንጠልጥሉ፤ ጥጡ ላይ ወይም አጠገቡ ጥቂት ፀረ-ተባይ ይኑር። ከመሬት አንድ ሜትር ተኩል እስከ ሁለት ሜትር ከፍ አድርገው ከቅጠል ጥላ ሥር ይስቀሉትና በየሳምንቱ ይቁጠሩ። የማሰሪያውን ሽቦ ቅባት ይቀቡት፤ አለበለዚያ ጉንዳን የሞቱትን ዝንቦች ለቅሞ ይወስድና ቆጠራዎን ያሳስተዋል። ቁጥሩ ከሳምንት ሳምንት ከፍ ማለት ከጀመረ አይዘግዩ።

ሜቲል ዩጂኖል የሚጠራው የባክትሮሴራ ዶርሳሊስን ወንዶች ብቻ ነው። ጠርሙሱ በዝንብ ሲሞላ ደስ ይላል፤ ሴቶቹ ግን አሁንም ማሳው ውስጥ ናቸው፤ የቀሩት ጥቂት ወንዶችም ብዙ ሴቶችን ያዳርሳሉ። ስለዚህ ወጥመዱ በዋናነት ማስጠንቀቂያ ነው። ርጭቱን እንዲተካልዎ አይጠብቁ።

አዘገጃጀት

ጓንት፣ እጅጌ ሙሉ ልብስ፣ የአፍና የአፍንጫ መሸፈኛ፣ ቦት ጫማ ያድርጉ። ልጆችንና እንስሳትን ያርቁ። ማባበያው ሲቀመጥ ከሥር ስለሚዘቅጥ መያዣውን ሳይከፍቱ ደህና አድርገው ይወዝውዙት። ከውሃ ጋር የሚቀላቀልበት መጠን ከምርት ምርት ይለያያልና መያዣው ላይ የተጻፈውን ይከተሉ። መጠኑን “ለጥንቃቄ” ብሎ መጨመር ጥቅም የለውም፤ የማላታይኑ መጠን ከበዛ ጭራሽ ሽታው ዝንቧን ሊያርቃት ይችላል።

መለኪያው ምልክት ያለው ጆግ ይሁን፤ ከኩሽና የመጣ ኩባያ ወይም ማንኪያ ለዚህ ሥራ አይዋል። ድብልቁ ወፈር ስለሚል መርጫውን እንዳይዘጋ በወንፊት ወይም በአጎበር ጨርቅ ያጥልሉት። የቀላቀሉትን በዚያው ቀን ይጨርሱ፤ ያደረ ድብልቅ ጠረኑ ይለወጣል፣ ኃይሉም ይቀንሳል።

ስንት ያዘጋጁ? ለአንድ ዛፍ ከ50 እስከ 100 ሚሊ ሊትር ይበቃል። በ10 ሜትር ርቀት የተተከለ ማንጎ በሄክታር 100 ዛፍ ይይዛል፤ ለሙሉ ሄክታር የሚያስፈልግዎ ከ5 እስከ 10 ሊትር ድብልቅ ብቻ ነው ማለት ነው። አንድ ጊዜ የሞላ የጀርባ መርጫ ሄክታሩን ጨርሶ ይተርፈዋል። ጓሮዎ ውስጥ ያሉት አሥር ዛፎች ከሆኑ አንድ ሊትር በቂ ነው፤ በእጅ የሚጨመቅ ትንሽ መርጫ ይበቃዎታል። ዛፉን ሁሉ ለማጠብ ከሚፈሰው መድኃኒት ጋር ሲያስተያዩት ቁጠባው ምን ያህል እንደሆነ ይታያል።

አረጫጨት

ከመጀመርዎ በፊት እጅዎን ይለኩ። መርጫውን ንጹሕ ውሃ ሞልተው ወደ ጆጉ እየረጩ ይቁጠሩ፤ 50 ሚሊ ሊትር ለመሙላት ስንት ሰከንድ እንደሚፈጅ ይወቁ። ሦስት ሰከንድ ከሆነ፣ በየዛፉ ሦስት ሰከንድ ይረጫሉ ማለት ነው። ይህን ሳይለኩ የገባ ሰው የመጀመሪያዎቹን ዛፎች አጥግቦ የመጨረሻዎቹን ባዶ ያስቀራል።

የመርጫውን አፍንጫ ጠብታው ትልልቅ እንዲሆን አድርገው ይክፈቱት። እዚህ ላይ ከለመድነው ርጭት ጋር ተቃራኒ ነው፤ ጉም የመሰለ ስስ ርጭት አንፈልግም። ጉሙ በነፋስ ይሄዳል፣ ቶሎ ይደርቃል። ወፍራሙ ጠብታ ግን ቅጠሉ ላይ ተጣብቆ ለቀናት እየሸተተ ይቆያል። በአራትና በስድስት ሚሊ ሜትር መካከል ያለ ጠብታ ለስፒኖሳድ ማባበያ ተስማሚ ነው።

በእያንዳንዱ ዛፍ ላይ አንድ ካሬ ሜትር የሚያህል ሥፍራ ይምረጡ። ፍሬ የሌለበት፣ ቅጠሉ ጥቅጥቅ ያለ፣ ጥላ ያለበት ቦታ ይሁን። ከተቻለ ከሥር ወደ ላይ እየረጩ የቅጠሉን ጀርባ ያግኙት። ዝንቧ በሙቀት ሰዓት የምታርፈው እዚያ ነው፤ ስፒኖሳድን የሚያበላሸው የፀሐይ ብርሃንም እዚያ አይበረታም፤ ካፊያ ቢመጣም ጠብታው ሳይታጠብ ይተርፋል። ፍሬው ላይ አይርጩ። ማባበያው ልጣጩን ሊያቃጥለው፣ ነጠብጣብም ሊተውበት ይችላል፤ ሻጋታም ይስባል፤ መርዙም ሰው በሚበላው ነገር ላይ ይቀራል። ለሚቀጥለው ሳምንት የዛፉን ሌላ ወገን ይምረጡ።

ዝንቦቹ ምግብ ፍለጋ የሚበረቱት በጠዋት ነው። ከጠዋቱ 1 ሰዓት እስከ 4 ሰዓት፣ ጤዛው ሲደርቅ፣ ነፋሱም ሳይነሳ ይርጩ። ማንጎ ባይሆንም እንኳ በማሳው ዳር ያለውን ዘይቱን፣ ኮክ፣ ጊሽጣና አጥር የሆነ ጥቅጥቅ ያለ ቁጥቋጦ አይለፉ፤ ዝንቧ የምታድርበትና ከማንጎ ወቅት ውጪ የምትራባበት እሱ ነው።

ርጭቱ በየሰባት ቀኑ ይደገማል፤ ለቀሚው ከማሳው እስኪወጣ ድረስ አይቆምም። ከረጩ በኋላ ጠንከር ያለ ዝናብ ከጣለ ሳምንቱን አይጠብቁ፤ ሲያባራ ይድገሙት። አንድ ሳምንት መዝለል ብዙ ዋጋ ያስከፍላል፤ በዚያ ሳምንት ከአፈር የወጡት ሴቶች በልተው ለእንቁላል ይደርሳሉና። መልቀም ሲጀመር መድኃኒቱ ከተረጨ በኋላ ስንት ቀን መቆየት እንዳለበት በመያዣው ላይ ያንብቡ፤ በተለይ ማላታይን ከተጠቀሙ።

ዛፉ ሲያብብ አይርጩ። በአቅራቢያዎ ቀፎ የሰቀለ ሰው ካለ ቀኑን አስቀድመው ይንገሩት። ሥራው ሲያልቅ መርጫውን በሳሙና ሁለት ሦስት ጊዜ ይጠቡት፤ ማባበያው ሲደርቅ እንደ ሙጫ ይይዛል። እጣቢውን ወንዝ ወይም ጉድጓድ አጠገብ አይድፉ። ባዶውን ዕቃ በስተው ያበላሹት፤ ውሃ መቅጃ ወይም ዘይት መያዣ እንዳይሆን።

የወደቀውን ፍሬ ምን እናድርገው?

ስለ ርጭቱ ይህን ሁሉ ካልኩ በኋላ፣ ከሁለቱ አንዱን ብቻ የመሥራት አቅም ያለው አምራች ቢጠይቀኝ የወደቀውን ፍሬ ልቀም እለው ነበር። አንድ የተበላሸ ማንጎ በውስጡ በአሥሮች የሚቆጠሩ፣ አንዳንዴም ከመቶ የሚበልጡ እጮች ይይዛል። ርጭቱ የሚገድለው ከዚያ የሚወጡትን ነው፤ ምንጩ ካልደረቀ ግን ማባበያው አይችላቸውም።

በሳምንት ቢያንስ ሁለት ጊዜ ከየዛፉ ሥር ይልቀሙ። ዛፉ ላይ ያለውን የተወጋ ፍሬም ያውርዱ። የለቀሙትን ከአጥር ውጭ መጣል ወይም ፍግ ክምር ላይ መበተን ዝንቡን ማዛመት ነው። ቢያንስ ግማሽ ሜትር ጥልቀት ያለው ጉድጓድ ቆፍረው ይቅበሩት፤ አፈሩን ጠቅጠቅ አድርገው ይድፈኑት። ወይም በማይቀደድ ጥቁር ፕላስቲክ አፉን ጥብቅ አድርገው አስረው ከአንድ እስከ ሁለት ሳምንት ፀሐይ ላይ ያቆዩት፤ ሙቀቱ እጮቹን ይጨርሳቸዋል። ለከብትና ለአሳማ ትኩሱን ማብላትም ይቻላል፤ እዚያው በዚያው የሚበላ ከሆነ።

ልማዳችን ማንጎን ዛፉ ላይ ማብሰል ነው። ፍሬው ዛፉ ላይ በቆየ ቁጥር ለዝንቧ የተመቸ ይሆናል፤ ስለዚህ ጎልምሶ ገና አረንጓዴ ሳለ ለቅሞ ከቤት ማብሰል ብዙ ፍሬ ያተርፋል። ጓሮው ውስጥ ሁለት ሦስት ዛፍ ብቻ ያለው ሰው ደግሞ መልካሞቹን ፍሬዎች ገና ጠንካራ ሳሉ በጋዜጣ ከረጢት ቢሸፍናቸው ምንም መድኃኒት ሳይረጭ ሊያድናቸው ይችላል።

ሠርቷል ወይስ አልሠራም?

በግምት አይፍረዱ። ከተረጨው ማሳ ሃያ ያህል ፍሬ ሳይመርጡ ይልቀሙ። ባልዲ ውስጥ ጥቂት ጣት ያህል ንጹሕ አሸዋ ያድርጉ፤ ፍሬዎቹን ከላይ በሽቦ ወንፊት ላይ ያስቀምጡና ባልዲውን በአጎበር ጨርቅ ይሸፍኑት። ከሁለት ሳምንት በኋላ አሸዋውን ነፍተው ሙሽሬዎቹን ይቁጠሩ። ካልተረጨ ማሳ ተመሳሳይ መጠን ያለው ፍሬ ወስደው ጎን ለጎን ቢያደርጉ ልዩነቱ ራሱ ይናገራል። በቤኒን የማንጎ ማሳዎች እ.ኤ.አ. በ2006 ለሰባት ሳምንት በየሳምንቱ የስፒኖሳድ ማባበያ ሲረጭ በአንድ ኪሎ ፍሬ የሚገኘው የሙሽሬ ቁጥር በ81 በመቶ ቀንሷል፤ በማግሥቱ ዓመት ለአሥር ሳምንት ሲረጭ 89 በመቶ ደርሷል። ሁለቱም ዓመታት ርጭቱ በየሳምንቱ ሳይዘለል የተካሄደ ነበር።

የእርስዎ ውጤት ከዚህ በጣም ካነሰ፣ መድኃኒቱን ከመለወጥዎ በፊት ሦስት ነገር ይመርምሩ። ዘግይተው ጀምረው ይሆን? የወደቀ ፍሬ ተጠራቅሞ ይሆን? የጎረቤት ማሳ ሳይረጭ ቀርቶ ይሆን? አብዛኛውን ጊዜ መልሱ ሦስተኛው ላይ ነው። ዝንቧ አጥር አታውቅም፤ ግማሽ ሄክታር ማሳ በዙሪያው ካሉት ሳይረጩ ከቀሩ ማሳዎች በየቀኑ እንቁላል የያዙ ሴቶችን ይቀበላል።

ስለዚህ ማንጎዎ ገና ትንሽ ሳለ አጎራባች አምራቾችን ይሰብስቡ። በደቦ እንደምታርሱት፣ የርጭቱንም ቀን አንድ አድርጉ። ሁሉም በአንድ ጠዋት ይርጭ፣ ሁሉም የወደቀውን ፍሬ በአንድ ቀን ይልቀም። መርጫ የሌለው ከጎረቤቱ ይዋስ፤ ማባበያውንም በጋራ ግዙ። የልማት ጣቢያ ሠራተኛውንም ከመጀመሪያው ስብሰባ ጀምሮ ጥሩት።